በሁለት ቁልፍ የታሰረው ዋይፋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልጁን ሳይመርቅ የሸኘ። ሦስት የጸሎት መጽሐፍ ለዋውጠህ፣ «መምህር፣ አራተኛውን የትኛውን ልግዛ? ጸሎቴ ከቤቴ ጣሪያ አያልፍም» ብለህ ስለጠየቅኸኝ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ። ብቻ አታቋርጠኝ። ማቋረጥ እንደምትወድ አውቃለሁ።

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት በንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የቁልፍ መዓት ሳያንጠለጥል ከቤቱ የማይወጣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። የቀረችው አንዲት ልጅ ነበረች። እሷም ተምራ፣ ሥራ አጥታ፣ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የሰው ቤት ልትሠራ ዓረብ አገር ሄደች። በሄደችበት ጠዋት አባትየው መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ቀረ። ልጅቱ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ መርቀኝና ልሂድ» እያለች በሩን አንኳኳች። አልከፈተም። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ሲነፋ ቆየና ይዟት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ምን ሰላም አለው? የአገራችንን ወግ ታውቃለህ። መንገደኛ ሳይመረቅ አይሸኝም። ምርቃት ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ መራቂው እጁን ዘርግቶ አንድ ቃል ይላል፣ ተመራቂው «አሜን» ብሎ ይቀበለዋል። አሜን ያላገኘ ምርቃት ተቀባይ እንዳጣ ዕቃ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውዬው ከልጁ አንዲት አሜን ፈለገ። ምግብ ሲቀርብለት ትዝ የምትለው እሷ፣ በር ሲንኳኳ የሚያስደነግጠው የእሷ እጅ ሆነ። በጣም ናፈቀችው።

ልጅቱ የምትደውለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ነው። ያውም ለአንድ ሰዓት። ሰውዬው ፊቷን እያየ ሊመርቃት ብሎ ቤቱ ዋይፋይ አስገባ። ከመስመሩ ጋር የመጣችው ዋይፋይ ትንሽ፣ ነጭ፣ አንቴና እንኳ የማይታይባት ነገር ነበረች። እሱ ግን «ያልተቆለፈ ንብረት የሌባ ነው» ባይ ነውና በዚያው ሳምንት በያጅ ጠርቶ ከወፍራም ላሜራ ሳጥን አሠራላት። ለሽቦው ብቻ ከጀርባው ቀዳዳ አስበሳ፣ በሁለት ቁልፍ ቆለፈ፣ ላዩን ዳንቴል አለበሰው።

ዓርብ መጣ፤ ልጅቱ ደወለች። ፊቷ ብቅ ይላል፣ ይደርቃል፣ አፏ እንደተከፈተ ይቀራል። «ሃሎ? ትሰሚኛለሽ? ይሰማል?» ሲባባሉ ሰዓቱ ያልቃል። አንዳንዴ እጁን ዘርግቶ «እግዚአብሔር ይከተልሽ» ይልና ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። አሜን የለም። «ቆረጠው!» ይላል። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ያለቅሳል።

«አባባ፣ ይቺ አቅሟ ይኸው ነው፤ ባለ ሦስት አንቴናውን ይውሰዱ» አለው አንድ ሻጭ። ወሰደ። አንቴናው ሳጥኑ ውስጥ አልቆም ቢል በያጁን ጠርቶ ሳጥኑን አስረዘመው። ለውጥ የለም። በዓመቱ ሌላ ሻጭ ባለ ስድስት አንቴና፣ ጥቁር፣ ተገልብጦ የወደቀ ጥንዚዛ የመሰለ አስያዘው። በያጁ ደግሞ መጣ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ዋይፋዩ ባደገ ቁጥር ሳጥኑም ያድጋል፤ በዚህ ሁሉ የተጠቀመ ሰው ቢኖር በያጁ ብቻ ነው። ማራዘሚያ የሚባል፣ ዋይፋዩን ጓዳ ድረስ ያደርሳል የተባለ ነገርም ገዛ። ለእሱም ትንሽ ሳጥን ተበየደለት! የተነቀሉትን ግን አልጣለም፤ የንብረት ክፍል ሰው አይደል፣ በየካርቶናቸው መልሶ ደረደራቸው።

ባለሙያ አላየውም ወይ ትል ይሆናል። አይቶታል። ግን ሳጥኑን ማን ያስከፍተዋል? «ዋይፋዩ አዲስ ነው፣ ደኅና ነው፤ እናንተ መስመሩን እዩልኝ» ይላቸዋል። እነሱም መስመሩን አይተው ይሄዳሉ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስተኛው ዓመት ተገባደደ። የመስመሩን ፍጥነት ላስጨምር ብሎ ቢያመለክት አንዲት የልጁ እኩያ የምትሆን ባለሙያ መጣች።

«አባባ፣ ዋይፋዩ የታለ?»

«ሳጥኑ ውስጥ።»

ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ሁለቱን ቁልፎች አየች። «ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

ሰውዬው አልሳቀም። «ንብረት ነው፣ ልጄ።»

«ይሁን። ግን እኮ ብረት አያሳልፈውም። በሽቦው ቀዳዳ ሾልኮ የሚወጣውን ነው እስከ ዛሬ ሲለቃቅሙ የኖሩት። እስኪ ይክፈቱልኝ።»

እምቢ አለ። ከዚያ ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ትዝ አለው፤ ነገ ዓርብ ነው። ቁልፎቹን አወጣ፤ ከፈተ። ባለሙያዋ ነገሩን ልታሳየው ፈልጋ ጥቁሩን ነቀለችና ከካርቶኖቹ መካከል የመጀመሪያዋን፣ ትንሿን ነጯን አወጣች። ቤቱ መሀል ገላጣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ሰካቻት። ሰውዬው ስልኩን አየ፤ ምልክቱ ሞልቷል። ጓዳ ገባ፤ እዚያም ሞልቷል።

«ይቺው ትበቃዎት ነበር» አለችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሦስት ዓመት ዓርብ በገዛ እጁ ቆልፎ እንደኖረ ገባው።

አንተ አሁን «ገባኝ፣ ልብህን ክፈት ነው» ብለህ ልትነሣ ነው። ቁጭ በል። ለዚህማ መምህር ምን ያደርግልሃል፣ ያቺ ባለሙያ ትበቃህ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ልጅቱ ደወለች። ፊቷ ወለል ብሎ መጣ። ሰውዬው በሦስት ዓመት ውስጥ አይቶት የማያውቀውን አየ፤ ከስታለች፣ ገና በሠላሳ ዓመቷ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል፣ አንጓዋ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። ሰዓቱ ሳያልቅ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ትርንጎ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ከፍ ከፍ ያድርግሽ» አለ፤ ጠበቀም።

አሜን የለም።

«ተቆረጠ እንዴ?» ብሎ ወደ ዋይፋዩ ዞረ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ወደ ስልኩ ዞረ። ልጅቱ ዓይኗን ስታርገበግብ ይታያል፤ ስትተነፍስ ሳይቀር ይሰማል። ያን ቀን የሚከሰስ ኔትወርክ ጠፋ።

«አልተቆረጠም፣ አባዬ» አለችው። «ስማኝ ልንገርህ። በፊትም አንዳንዱ ዓርብ በደንብ ይሰማኝ ነበር። ስትመርቀኝም ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ደጅህ ላይ ቆሜ ስለምንህ እኮ እዚያው በሩ ሥር ነበርክ። ጥላህን በስንጥቁ አይቼዋለሁ። እንዴት ጨከንክብኝ? እሱን ሳትነግረኝ አሜን ልበል ብል ከአፌ አልወጣም አለኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» ብሎ ስልኩን ይዘጋው ነበር። እኛ ሁላችን የምናውቀው መሸሻ ነው። አሁን ግን ይሰማል። እሷም እንደሚሰማው ታውቃለች። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከመረቅሁሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው» አላት። «ሳይመረቅ የሚሄድ ሰው የለም፤ እምቢ ካልሁ የምትቀሪልኝ መስሎኝ። አትሂጂብኝ ማለት ስላቃተኝ በር ቆለፍኩ። በደልሁሽ፣ ልጄ። ይቅር በዪኝ።»

ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ከሰዓቱ የቀረው ትንሽ ነበር፤ ያን ትንሽ በልቅሶ ጨረሱት ማለት ይቻላል። በመጨረሻ፣ የአሠሪዎቿ መኪና ከውጭ ሲሰማ፣ ልጅቱ ፊቷን ጠርጋ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«በል መርቀኝ፣ አባዬ። ቶሎ በል።»

«በሰላም ያግባሽ።»

«አሜን።»

«ዓይንሽን ዓይኔ ይየው።»

«አሜን፣ አባዬ። አሜን።»

ከዚያ ተዘጋ። ልጅቱ አሁንም እዚያው ናት፤ ሰውዬውን አሁንም ትናፍቀዋለች። ምርቃቱ ግን ደርሷል።

እንግዲህ ልጄ፣ መጽሐፍ አማርጥልኝ ብለህ ነበር። ያ ሰው ትንሿን በትልቅ፣ ትልቁን በጥቁር ሲለውጥ እንደኖረ አንተም መጽሐፍ ስትለውጥ ከረምህ። ቤትህ ያለችው፣ ጠርዟ የተበላው የመጀመሪያዋ ዳዊትህ ትበቃሃለች። መስመርህም አልተቆረጠም፤ እግዚአብሔር ይሰማሃል፣ ድሮም ይሰማህ ነበር። ዝም ያለህ አንድ ነገር እስክትናገር እየጠበቀህ ይመስለኛል፤ የምትናገረው ደግሞ ለእሱ አይደለም። ታላቅ ወንድምህ ከዚህ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው። የእናታችሁን አስከሬን ብቻውን አሸክሞ ሲቀብር አንተ የት እንደነበርህ እስከ ዛሬ አልነገርኸውም። ዛሬ ሂድና ንገረው። ቢቆጣም ቁም፣ ቢያለቅስም ቁም። ዳዊቱን ከዚያ በኋላ ትደግማለህ።