መንገድ የሌለው ጭፈራ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ የንብ ነገር ነውና እጃችሁን አታወናጭፉ፤ አርፋችሁ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ንቡም ዝንቡም ጋኑም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበረ። በቀፎው ውስጥ ወለላ የምትባል ወጣት ንብ ትኖር ነበር። ክንፏ አዲስ፣ ወገቧ ቀጭን፣ ልቧ ደግሞ ቀበጥ ነበረ። እኔ በዚህ አልወቅሳትም። በዚያ ዕድሜ ያልቀበጠ ሰው ካለ እስቲ ይነሳና ልየው።

ንብ ስለ ሁሉም ነገር በአፏ ታወራለች፤ መንገድን ግን የምትናገረው በወገቧ ብቻ ነው። አበባ ያገኘች ንብ ትመጣና በማር እንጀራው ላይ ቆማ ወገቧን እየነቀነቀች ትጨፍራለች። ሌሎቹ ያይዋትና “አሃ፣ ከፀሐይ በስተቀኝ፣ ከኮረብታው ማዶ” ብለው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቀፎው ሕግ አንድ ነበረ፤ መንገድ የሌላት ንብ አትጨፍርም።

ይህን ሕግ ለወጣቶቹ የምታስተምረው የደጃፉ ጠባቂ፣ አሮጊቷ እትዬ ደብሪቱ ነበረች።

“እትዬ ደብሪቱ፣ ዝም ብሎ ደስ ሲለንስ?” አለቻት ወለላ አንድ ቀን።

“ደስታሽን በሆድሽ ያዢው።”

“እስከ መቼ?”

“እኔ ይኸው እስካሁን ይዤዋለሁ” አለች እትዬ ደብሪቱ። ከዚያም ፊቷን ወደ ደጃፉ መለሰች።

ለእያንዳንዷ ወጣት ንብ ደግሞ የምታጎርሳት አንዲት ጨቅላ ትሰጣት ነበር። የወለላ ጨቅላ ጩጬ ትባላለች። ክንፍ የላት፣ እግር የላት፤ በሰም ጓዳዋ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ አፏን ብቻ ትከፍታለች። ወለላም በየማለዳው “እንዴት አደርሽ ጩጬ” ብላ ታጎርሳታለች፤ ትወዳትም ነበር።

አንድ ቀን ወለላ ወደ አበባ ስትወርድ፣ ከዋንዛው ሥር የተቀመጠችው የጠጅ ጋን ጠራቻት። በጋኗ ከንፈር ላይ ጋሽ ዝንቡ እግሩን እያሻሸ ተቀምጧል።

“ነይ የኔ ልጅ” አለች ጋን በወፍራም ድምጿ። “በሆዴ ያለው የእናቶችሽ ማር ነው። እነሱ ለፉ፣ እኔ አብላላሁት፣ አንቺ ቅመሺው።”

“ሥራ አለብኝ፣ እሜቴ ጋን።”

“ሥራ ነገም አለ። ጋሽ ዝንቡን እዪው እንግዲህ፤ ሠርቶ ያውቃል?”

“ኧረ በጭራሽ” አለ ጋሽ ዝንቡ። “ምን ጎደለኝ?”

ወለላ ቀመሰች። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ቀስ ብላ የቀለጠች መሰላት። ቅጠሉ በውሃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ተወዛወዘ፣ ምድሩም ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሰውነቷ ቀለላት፤ የምትበር ይሁን የምትንሳፈፍ አላወቀችም። ወደ ቀፎዋ ተመለሰችና በማር እንጀራው ላይ ቆማ ጨፈረች፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ምንም።

“መንገዱ ወዴት ነው?” አሏት።

“መንገድ የለውም። ደስ ብሎኝ ነው።”

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቀፎ ተሰምቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ብርቄ የምትባል ጓደኛዋ አብራት ጨፈረች። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ወጣት ከጋኗ ቀምሶ መጣና ጨፈረ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወጣት ጨፈረ፤ ቀፎው እስኪወዛወዝ ድረስ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምር ነበር። አሮጊቶቹ እንኳ “ነውር ነው” እያሉ በእግራቸው ጫፍ ምቱን ይመቱ ነበር።

ነገር ግን በዚያው በሦስተኛው ቀን ሁለት ትልልቅ ንቦች የወለላን ጭፈራ መንገድ መስሏቸው ወጡ። ሲበሩ ውለው የደረሱት ከአንድ ራቁት ድንጋይ ላይ ነው። ክንፋቸው ተቀዶ፣ በባዶ ሆዳቸው ተመለሱ። አሮጊቶቹም “ከእንግዲህ የማንንም ጭፈራ አናምንም” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወጣቶቹ ደግሞ ጭፈራ ሁሉ ጨዋታ ሆነባቸው። አበባ የሚፈልግ ጠፋ፣ ቢገኝም የሚናገርበት ቋንቋ ጠፋ፣ ማሩም አለቀ።

አንድ ማለዳ ወለላ ራሷ እየከበዳት ወደ ጩጬ ሄደች።

“እትዬ ወለላ፣ ራበኝ” አለች ጩጬ።

ወለላ አፏን ብትፈትሽ ከጠጅ ሽታ በቀር ምንም የለም። “ትላንት አላጎረስኩሽም?”

“ትላንትም፣ ከትላንት ወዲያም አልመጣሽም።”

ወለላ አፈረች። በዚያው ቅጽበት ከቀፎው ወጣች። ጋኗ “ነይ እንጂ” አለቻት፤ አልቆመችም። ጋሽ ዝንቡ “ምን አስቸኮለሽ?” አላት፤ አልመለሰችለትም። ኮረብታውን ተሻገረች፣ ጅረቱን ተሻገረች፣ ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ሙሉ አደይ አበባ አየች። እንደ ሕልም ነበር። ነፋሱ ሲያልፍ ሸለቆው በሙሉ ይተነፍስ ነበር።

“ዘገያችሁ” አለቻት አንዲት አደይ። “ስንጠብቃችሁ ሰነበትን። ያንን ጥቁር ደመና ታዪዋለሽ? በረዶ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኛ የለንም።”

ንብ የምትሸከመው አንዲት ጠብታ ነው። ወለላ ጠብታዋን ቀሰመች፤ ለጩጬ ብላ ቋጠረቻትና ተመልሳ በረረች። ጩጬን ከማጉረሷ በፊት ግን ሌሎቹም እንዲወጡ መንገዱን ልትናገር ቆማ ጨፈረች፤ በእውነት፣ ከፀሐይ በስተቀኝ፣ ከኮረብታው ማዶ።

ወጣቶቹ “እሰይ ወለላ” ብለው አብረዋት ጨፈሩ። አሮጊቶቹ ጀርባቸውን ሰጧት። የሚወጣ አልነበረም፤ ደመናው ግን ይመጣ ነበር።

“እውነቴን ነው” አለች ወለላ። “ጨቅሎቹ ሁሉ ሊያልቁ ነው። እመኑኝ።”

እትዬ ደብሪቱ ከደጃፉ ተነስታ መጣች። “አፍሽን ክፈቺና አቅምሺኝ” አለቻት።

ወለላ ወደ ጩጬ ጓዳ አየች። ጠብታዋ የጩጬ ናት። ባታቀምስ ግን የሚያምናት የለም። አፏን ከፈተች። እትዬ ደብሪቱ ቀምሳ “አደይ ነው” አለች።

“አንቺማ ታዝኚላታለሽ” አለች ክንፋቸው ከተቀደደው ከሁለቱ ንቦች አንዷ። “እኔም ልቅመስ።” ቀመሰችና ወደ ደጃፉ ዞረች።

“አሮጊቶች ምን ያውቃሉ፣ እኔም ልቅመስ” አለች ብርቄ። እሷም ቀመሰች፤ ጭፈራዋንም አቆመች።

የወለላ አፍ ባዶ ቀረ። ቀፎው ግን በአንድ ጊዜ ተነሳ። ወለላ ፊት ፊት እየመራች፣ ወጣቱም አሮጊቱም ተከትሏት፣ በረዶው እንዳይቀድማቸው ጭነታቸውን ከደጃፉ ላይ እያራገፉ፣ በረዶው እስኪወርድ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ቀሰሙ። በመጨረሻ በረዶው ወረደ፤ ሸለቆውም ነጭ ሆነ።

ወለላ አፏን ሞልታ ወደ ጩጬ ሮጠች።

“ጩጬ፣ መጣሁልሽ። አፍሽን ክፈቺ።”

ጩጬ አልመለሰችም።

“ጩጬ።”

በሰም ጓዳዋ ውስጥ እንደተጠቀለለች ቀዝቅዛለች። ወለላ የቋጠረችውን በአፏ እንደያዘች ቀረች። ልቧ ተሰበረ፤ ሌላ አነጋገር አላውቅለትም። እትዬ ደብሪቱ መጥታ ከጎኗ ቆመች፤ አልተቆጣቻትም።

“ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም” አለቻት። “እኔም ከመጀመሪያው አብሬያችሁ ጨፍሬ ቢሆን ኖሮ፣ የቱ መንገድ፣ የቱ ጨዋታ እንደሆነ አብረን እንለየው ነበር።”

ከወዲያኛው ጓዳ ሌላ ጨቅላ “ራበኝ” አለች። ወለላ ለጩጬ የያዘችውን ለእሷ አጎረሰቻት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቀፎ ጭፈራ አልተከለከለም፤ አሮጊቶቹም ወጣቶቹም ደስ ሲላቸው ይጨፍራሉ። መንገድ አለኝ የምትል ንብ ስትጨፍር ግን እህቶቿ መጀመሪያ ከአፏ ይቀምሳሉ። ዛሬም ቀፎ ከፍታችሁ ብታዩ እንዲሁ ሲያደርጉ ታገኟቸዋላችሁ።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ክንፉን አጠፈ፤ የቀረውን እናንተ አስቡት። ደስ መሰኘት ጥፋት አይደለም። ሌላው አምኖ የሚሄድበትን ነገር መጫወቻ ያደረገ ሰው ግን፣ እውነት ይዞ በመጣ ቀን የሚታመነው ለልጁ የቋጠራትን ጉርሻ ከፍሎ ነው።