የአያ ጥሩነህ በቅሎ

በአንድ ወቅት፣ እኔ ጥርሴ ሙሉ በነበረ ጊዜ፣ አያ ጥሩነህ የሚባሉ የስኳር በሽተኛ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው።

ትልቁ ዋለልኝ ነው። ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታክል እጢ አለች አሉ፤ ሆርሞን የሚሉትን መልእክተኛ በደም እየላከች «እደግ!» ትላለች። ለዋለልኝ አንዴ ጀምራ ማቆሙን ረሳችው። መሬት ላይ ቆሞ የጎረቤት ጣሪያ ይከድናል፤ በክረምት ደመና አፉ እየገባ ያስለዋል። ጉልበቱ ግን ያን ሁሉ ቁመት መሸከም አቅቶት ሌት ተቀን ይጠዘጥዘዋል።

ለመካከለኛው ለምናሉ ይህችው እጢ አፏን ሳትከፍት ቀረች። ጢሙ አገጩን ሞልቶ ቁመቱ ከእንስራ አይበልጥም። ለቅዳሜ ገበያ ሰኞ ይነሳል።

ትንሹ ሽባባው ቁመቱ እንደ ሰው ነው። ችግሩ ቆሽቱ ነው፤ ስኳርን ከደም አንስቶ ለሰውነት የሚያድለውን ኢንሱሊን አያመነጭም። ከልጅነቱ ጀምሮ በመርፌ ይኖራል፤ መድኃኒቱን ሊያመጣ በየወሩ ሁለት ቀን በእግሩ ይሄዳል።

አባትየውም ያንኑ መርፌ ይወጋሉ። «ጠላቴ ነው!» ብለው ማርም ስኳርም ከቤት አባረዋል። አንድ ዓርብ ጠዋት መርፌያቸውን ተወጉና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ነው ብለው እህል ሳይቀምሱ ቆዩ። ወደ ስድስት ሰዓት ላብ አጠመቃቸው፤ ተንቀጠቀጡ፤ በሬውን «እንደምን ዋልክ አማቼ» ብለው ወደቁ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ትጓደድ «ባሌን ላዳነልኝ ልጅ በቅሎዋን እሰጣለሁ!» ብለው ጮኹ።

ጎረቤት ሁሉ «ስኳሩ ወጥቶባቸው ነው፤ መርፌውን ድገሟቸው!» አለ።

ሽባባው መርፌውን ነጥቆ ወረወረው። «ወጥቶ አይደለም፣ ወርዶ ነው! ብትጨምሩ ትገድሏቸዋላችሁ። ጣፋጭ አምጡ!»

ከየት ይምጣ? ቤቱ ውስጥ ከጌሾ በቀር ምን አለ! ዋለልኝ በሦስት እርምጃ ወንዙን ተሻገረ፤ ሌላ ሰው በገመድ የሚወጣው ዋርካ ላይ እጁን ዘርግቶ ቀፎውን እንደ ሎሚ ቀጠፈው። ጉልበቱ እየተንቋቋ አደረሰው።

ቀፎው ግን የተቦረቦረ ግንድ ነው፤ አፉ ጠባብ። መጥረቢያ ሲፈለግ የሽማግሌው ዓይን ተገለበጠ። ምናሉ ያችን የሕፃን እጁን እስከ ብብቱ ሰደዳት። ንብ ነድፎ ፊቱን ዱባ አደረገው፤ እሱ ግን ድዳቸውን በማር ይቀባል። «አባዬ፣ ይላሱ እንጂ! ንቦቹ ጨረሱኝ!»

አያ ጥሩነህ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጾሜን ያስፈታኝ ማነው?»

«ልጆችዎ ናቸው። በቅሎዋን ይስጡ» አሉ ወይዘሮ ትጓደድ።

«እኔ ባላስቆም ዛሬ ቀብር ነበር» አለ ሽባባው።

«ወረወርክ እንጂ ምን አጎረስካቸው?» አለ ዋለልኝ ከላይ።

«አንተስ፣ ቀፎውን ልታንተርሳቸው ነበር?» አለ ምናሉ ከታች።

ይኸው እስካሁን አንዱ ልጓሟን፣ አንዱ ኮርቻዋን፣ አንዱ ጅራቷን ይዞ ይዞሯታል። አባትየው መፍረድ አቅቷቸው ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይቀመጣሉ። እኔ ለሦስቱም ፈርጄ ሦስቴ ተባርሬአለሁ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ላወቀው ነው፣ ላመጣው ነው ወይስ ላቀመሰው? በቅሎዋ ለማን ትገባለች?