የኢንጂነር ዘርጋው ወንበር

ኢንጂነር ዘርጋው ቢሮ ሲገቡ ሠራተኛው ሁሉ ብድግ ይላል፤ እሳቸውም ወደ ኋላ ሳያዩ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ይላሉ። አለቃ ወንበሩን ዞሮ ያያል እንዴ!

አንድ ቀን ችሎታቸውን ሊያሳዩ ብለው ቢሮው በሚሠራው ፕሮግራም መሃል፣ ለማሽኑ በቀጥታ በሚያዝዘው በአሴምብሊ ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ሰነቀሩ። መስመሮቹ የስታኩን ጠቋሚ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር «ዕቃዬ እዚህ ነው» ብሎ የሚተማመንበትን ምልክት፣ ገፋ አድርገው እዚያው ተዉት፤ ኢንጂነሩም ይህን ለኮምፓይለሩ አልነገሩትም። ፕሮግራሙ ወዲያው ድፍት አለ።

ኢንጂነሩ ኮምፓይለሩን የምትሠራውን ልጅ ጠርተው አንባረቁባት።

«እኔ ለማሽን አላስረዳም! እስከ ነገ ሳይነገረው የሚያውቅ አድርጊው፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!»

ልጅቱ ሳይነገረው የሚያውቅ ጠንቋይ እንጂ ኮምፓይለር እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም «እሺ ኢንጂነር» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ገቡ፤ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ዘፍ ሲሉ የተቀበላቸው ወለሉ ነው።

«ወንበሬን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ኢንጂነር፣ ትንሽ ገፋ አድርጌው ነው» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ ከነካሽው ወይ ንገሪኝ፣ ወይ ወደ ቦታው መልሺው!»

ልጅቱ ብዕሯን አወጣች።

«ቀስ ብለው ይድገሙልኝ ኢንጂነር። ኮምፓይለሩም ለእርስዎ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቃል በቃል ልጻፈው።»