ከዋርካው እስከ ወንዙ

ፊታውራሪ ድልነሳሁ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሬታቸው አፋቸው ይሰፋ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ጢሰኛቸው በመሬት ጉዳይ ዳኛ ፊት አቁማ ረታቻቸው። ዳኛውም ረጅም ገመድ አስመጥቶ፣ «ይህ ገመድ የሚከበውን ያህል መሬት ይስጧት» ብሎ ፈረደ።

ፊታውራሪው ገመዱን ለሁለት አሳጥፈው በአሽከሮቻቸው አስይዘው ከዋርካው እስከ ወንዙ አስወጠሩት። በመካከሉ የተከበበው መሬት ወርዱ አንድ ክንድ ሆነ።

«አየሽ? ከዋርካ እስከ ወንዝ! ከዘርሽ እንዲህ ያለ ረጅም መሬት ያገኘ አለ? በይ እጅ ንሺ!» አሏት።

ሴትዮዋ እጅ ነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ግን ርዝመቱን ሲስቡት ስፋቱ አለቀ። አራቱን ጎን እኩል ቢያደርጉት፣ ይኸው ገመድ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሬት ይይዝልኝ ነበር። በዚህ ወርድ ሬሳ ይጋደምበታል እንጂ በሬ አይዞርበትም። የሞተው ደግሞ ባሌ ነው፤ እኔ ገና እበላለሁ።»