የግራ እጅ ድምፅ

በአንድ ወረዳ የምክር ቤት አባላት «ሸክላ ሠሪን ቡዳ ማለትና መናቅ ይወገዝ» የሚል ውሳኔ ሊያጸድቁ ተሰበሰቡ። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ያየችውን ምግብ የበላ ሰው ይታመማል ስለሚባል፣ እሷ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ገበታውን ይከድን ነበር።

ሰብሳቢው አቶ ጥጋቡ አንዲት ምላሰኛ ሸክላ ሠሪ አስጠርተው ከፊት አስቀመጧት፤ በሕዝብ ፊት እንድታመሰግናቸው ነው። ንግግራቸው ግን ማለቂያ አጣና ምሳ ሰዓት ደረሰ። በየአባሉ ፊት ፍም የያዘ ሸክላ ጥብስ እየተንቸሰቸሰ ቀረበ።

«ሳይቀዘቅዝ ድምፅ እንስጥ!» አሉ አቶ ጥጋቡ። «የምትደግፉ እጅ አውጡ! ድምፁ እኩል ለእኩል ከሆነ እኔ እወስናለሁ።»

አባላቱ አንድም ሳይቀር እጃቸውን አወጡ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አሉና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «በይ ተነሺ! ንቀት ዛሬ ሞተ ብለሽ መስክሪ!»

ሴትዮዋ ተነሥታ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ቀኝ እጃችሁ ሁሉ ሲደግፈኝ አይቻለሁ። ግራ እጃችሁ ግን ሁሉም ጥብሱን ከኔ ዓይን ከልሏል። እንግዲህ ድምፁ እኩል ለእኩል ስለሆነ ወሳኙ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ደግሞ ሸክላውን በሁለት እጅዎ አቅፈውታል። ኧረ ይልቀቁት፣ ጌታዬ! የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሲግል ሰብሳቢም አይምርም!»