አያ ጅቦ ደጁን ጠጠር ያለበሰ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ሊገባ ሰሞን፣ አያ አንበሶ የዱሩን እንስሳት ሰብስቦ የዓመቱን ድግስ ነገር አነሳ። በዚያ አገር ወግ ድግሱ በየዓመቱ ከአንድ እንስሳ ቤት ይደገሳል። በሬውን የሚያመጣው አንበሳ ነው። ሥጋውን ሥጋ በል ሁሉ ይካፈላል፤ ሣር ለሚበላው ለምለም ሣር ይታጨድለታል። አጥንቱ ግን አንድም ሳይጎድል ለባለቤቱ ይቀራል።

ጅብ ዕድሜውን ሙሉ «ዘንድሮ ከእኔ ቤት ይሁን» ሲል ኖሯል። ዕድሜውን ሙሉም ተከልክሏል። ምክንያቱ ጠባዩ አልነበረም፤ ለነገሩ ጠባዩም ቢሆን በበቃ ነበር። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ቤቱ ከዳገት ላይ ነው፤ ከትልቁ መንገድ እስከ ደጁ ያለው ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈርን ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይውጣል። ባለፈው ክረምት ልትጠይቀው የሄደች ሚዳቋ እግሯን ከጭቃው ስታወጣ ዋለች። ጅብ አጠገቧ ቆሞ «አይዞሽ፣ አትቸኩይ» ይላት ነበር፤ ዓይኑ ግን ታፋዋ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ዘንድሮስ?» አለ ጅብ ከኋላ ሆኖ።

አንበሳ አሰበበት። «እሺ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ግን ስማ አያ ጅቦ፤ ከደጅህ እስክደርስ እግሬን ጭቃ ከነካው፣ በሬው ዞሮ ሌላ ቤት ይሄዳል።»

«እንኳን እግርዎን ጥፍርዎንም አይነካው!» አለ ጅብ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ መንገዱ አላሰበም፤ ስለ በሬው ቅልጥም ነበር የሚያስበው።

በማግስቱ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ ወንዝ ዳር ነው የምትኖረው። ያለፈው ዓመት ጎርፍ ነጫጭ ድቡልቡል ጠጠር አምጥቶ ደጇ ላይ ከምሮባት፣ ከዚያ ወዲህ ስትገባም ስትወጣም በሆዷ እየተሳበች ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ ለደጅ የሚሆን ጠጠር የት ይገኛል?» አለ ጅብ።

ቀበሮ ደጇን አየች። ጅብን አየች። እንደገና ደጇን አየች።

«ዕድለኛ ነህ እኮ አያ ጅቦ! ለትልቅ ሰው ያስቀመጥኩት አለኝ።»

ጅብ አንዱን ጠጠር አነሳ። ጅብ ማንኛውንም ዕቃ የሚመርጠው በጥርሱ ነው፤ ነከሰው፣ አልተሰበረም፤ ላሰው፣ ለስላሳ ነው። «አጥንት ይመስላል» አለ ዓይኑ እየበራ።

«ዘመዱ ነው» አለች ቀበሮ።

ከዚህ በኋላ ምን ክርክር አለ? ጠጠሩ ተነስቶ እስኪያልቅ ድረስ ጅብ በየቀኑ አንድ ሙዳ ሥጋ ሊያመጣላት ተስማሙ። ጅብ የሰው ደጅ እየጠረገ፣ ለመጥረጉም እየከፈለ፣ ደስ ብሎት ዳገቱን ይወጣ ይወርድ ጀመር።

አህያ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ አየችው። አህያ ማዶ ካለው ዳገት ላይ ነው የምትኖረው፤ ዕድሜዋን ጭነት ይዛ የተመላለሰች ስለሆነ መንገድን በኮቴዋ ታውቃለች። አንድ እግሯን ክምሩ ላይ አሳረፈች፤ ጠጠሩ ተንከባሎ ከሥሯ ሸሸ። ፈጥና ወደ ኋላ አለችና ራቅ ብላ ቆመች፤ የምታነጋግረው ጅብን ነዋ።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ድቡልቡል ነው፤ አንዱ ካንዱ አይያያዝም። ለደጅ የሚሆነው ተፈልጦ ጠርዝ ያወጣ ድንጋይ ነው። ደግሞስ ውሃው በየት ይሄዳል? መጀመሪያ ቦይ ነው የሚቆፈረው።»

«ቦይ ማን ያየዋል?» አለ ጅብ። «አንበሳ የሚመጣው መንገድ ሊያይ ነው ወይስ ጉድጓድ?»

«እንዳልክ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሥራው ሲያልቅ ዳገቱ ነጭ ሆኖ ከሩቅ አበራ። ጅብ ሊሞክረው ከደጁ ወረደ፤ ወረደ ማለት ካልቀረ፣ በቂጡ ነው የወረደው። ከታች ተነስቶ አቧራውን አራገፈና «ገና አዲስ ስለሆነ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ትልቁ ዝናብ ጣለ። ግማሹን ጠጠር ጥቁሩ አፈር ዋጠው፤ ግማሹን ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው። ጅብ ዱካውን ተከትሎ ቢሄድ ከቀበሮ ደጅ ደረሰ። ጠጠሩ እንደ ድሮው ተከምሯል፤ ከክምሩ በላይ የሚታየው የቀበሮ አፍንጫ ብቻ ነው።

«ዘመዶችህ ተመልሰው መጡ!» አለች ከውስጥ። «ና አንሳልኝ እንጂ!»

ጅብ ትንሽ አሰበና «ዋጋው እንደ በፊቱ ነው?» አላት።

እንደ በፊቱ ነበር። ሁለተኛ አነሳው፤ ሁለተኛም ዝናቡ መለሰው። ሐምሌ ተጋመሰ። ጅብ ጭቃው መሃል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቂል ነው፣ ሆዳም ነው፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው አንድ ነገር እያየው ሊያመልጠው ነው። እኔም እዚህ ላይ አዝኜለታለሁ።

«እትዬ አህዪት!» ሲል ወደ ማዶ ተጣራ። አህያን «እትዬ» ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በልቡ «ምሳ» ነበር የሚላት።

አህያ መጥታ ከሩቅ ቆመች። «እዚያው ሆነህ ተናገር። እሰማሃለሁ፤ ጆሮዬን እያየኸው አይደል።»

«መንገዱን አሠሪኝ።»

«ከመጣሁ ትበላኛለህ።»

«ድግሱ እስኪያልፍ አልበላሽም!»

«ከድግሱስ በኋላ?»

ጅብ ይህን አላሰበበትም ነበር። ምራቁን ዋጠና «ከድግሱም በኋላ» አለ። «ብዋሽ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ጅብ በአጥንት ከማለ ማመን ነው፤ አህያም አመነችው።

ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። መጀመሪያ ጭቃውን ጠጣሩ መሬት እስኪገኝ ጠረጉት። በላይኛው በኩል፣ ውሃው በሚመጣበት፣ ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ። ከሥር ትልልቅ ድንጋይ አነጠፉ። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ መፍለጥ መጣ፤ የጅብ ጥርስም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ። እሱ እየነከሰ ይፈልጣል፣ አህያ በኮቴዋ እየረገጠች ትመርጣለች። ዱቄት የሚሆነውን «ይሄ ለአንድ ክረምትም አይቆይም» ብላ ትጥለዋለች፤ ስል ጠርዝ ያወጣውን ታስቀረዋለች። መሃሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርገው አለበሱት። በመጨረሻ አህያ ጭነቷን እንደያዘች እየወጣች እየወረደች ጠቀጠቀችው። መልኩ አያምርም ነበር። ነገር ግን ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በቦዩ ሄደ፣ መንገዱም አልተነቃነቀም።

«አለቀ!» ብሎ ጅብ ዘለለ።

«አላለቀም» አለች አህያ። «ጠጠር ይሸሻል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ውጣ፤ ወደ ዳር የሄደውን በቅርንጫፍ እየጎተትክ ወደ መሃል መልሰው፤ የጎደጎደውን ሙላው፤ ቦዩን ጥረገው። እኔ ደጄን እንዲህ ነው የማኖረው።»

«ድግሱ እስኪደርስ?»

«እስክትሞት!»

በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ጅብ ወጥቶ ጎተተ፣ ሞላ፣ ጠረገ። በሁለተኛው ማግስት ከደጁ አንገቱን አውጥቶ አየና «ደህና ነው» ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው አልወጣም። ድግሱ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ አንድ ሐሳብ አስጨነቀው። እንግዶቹ ከቤቱ ገብተው ያከማቸውን አጥንት አይተው ቢወስዱበትስ? የት ይደብቀው? ቦዩ ጥልቅ ነው፣ ዳር ዳሩን ሣር በቅሎበታል። አጥንቱን ሁሉ አጋዘና ቦዩ ውስጥ ጠቅጥቆ በሣር ሸፈነው። «ውሃ ቢመጣስ? ምን ይሆናሉ፣ ይታጠባሉ!» አለ፤ በብልሃቱም ተደነቀ።

በድግሱ ዋዜማ ሰማዩ ተቀደደ። ውሃው በቦዩ ሲመጣ መሄጃ አጣ፤ መሄጃ ያጣ ውሃ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም፣ መንገዱን በመሃሉ አቋርጦ ጠጠሩን ይዞ ሄደ። ጠዋት ጅብ ወጥቶ ቢያይ ኖሮ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እሱ ግን አፉን እየጠረገ ከደጁ ቆሞ በሬውን ይጠብቅ ነበር።

አንበሳ መጣ። በሬው ተከተለ፣ ከበሬው ኋላ እንስሳቱ ሁሉ። መንገዱ ከታች በኩል ደረቅና ጠጣር ነበር። «ጎሽ አያ ጅቦ!» አለ አንበሳ። ጅብ ከደስታው ብዛት ምላሱን አውጥቶ አፉን ላሰ። አንበሳ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ከኋላው ያለው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው ጌታዬ» አለ ጅብ። «ቦዩን ያስቆፈረችኝ አህያ ናት፤ አሳስታው ይሆናል።»

አህያ ጆሮዋን ጣለች። አብራው ስትደክም ከርማ በሰው ፊት እንዲህ መባሏ ከነከሳት። «ቦዩ ይከፈት» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ቀድማ ወረደች። ሣሩን ገለጠችና አንድ የጎድን አጥንት ይዛ ወጣች። «ይሄ የማን ነው?»

ጅብ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ባለቤት ከሌለው እኔ ልውሰደው» ብላ በብብቷ ያዘችው። ደግማ ጎንበስ አለችና የታፋ አጥንት አወጣች። «ይሄስ?» ጅብ አሁንም ሰማይ እያየ ነው፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ቀበሮ በሦስተኛው አንድ ትልቅ ቅልጥም አወጣች። «ወይ ጉድ! ይሄ ደግሞ መቅኔው እንኳ አልተነካም...»

«ተይው!» ሲል ጅብ ጮኸ። «የኔ ነው! ሁሉም የኔ ነው! እሱ የፋሲካው ነው!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚዳቋ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ያለው አንበሳ ሳይቀር። ሳቁ ሲያበቃ ግን «በሬው ወደ አህያ ቤት ይዙር» አለ፤ ቃሉም አልታጠፈም።

የአህያን መንገድ ማንም ልብ ብሎ አላየውም፤ ሁሉም እግሩ ደርቆ ገባ፣ ያ ብቻ ነው። ተበላ፣ ተጠጣ፣ እንግዳው ሁሉ ሄደ። ጅብ ብቻ ከበሩ ውጭ ቀረ።

«እትዬ አህዪት፣ አንቺ መቼም አጥንት አትበዪም...»

«አልበላም። ቦዩን ማን ነው የዘጋው?»

ጅብ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ነኝ» አለ። «በሰው ፊት ስምሽን ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።»

አህያ ጆሮዋን መልሳ አቆመች። «እንግዲያው በየዝናቡ ማግስት መንገድህን ጠግን። መጥቼ በኮቴዬ አየዋለሁ። ደህና ከሆነ አንድ አጥንት ይሰጥሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ እንደ ጅብ ደጅ የተያዘ ደጅ ታጣ። ዝናብ ሲያባራ አህያ ሳትነቃ እሱ ቅርንጫፉን ይዞ ይጎትታል። ከዚያ መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ። ጅብ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከቦታው የወጣ አንድ ጠጠር የለም፤ የሚጠገን ከሌለ ደግሞ አጥንት የለም። ግራ ቀኙን አየና በኋላ እግሩ ጠጠሩን ወደ ዳር ይበትን ጀመር።

«አያ ጅቦ!» የሚል ድምፅ ከማዶ ተሰማ። «ያልነው ዝናብ የበተነውን ነው እንጂ እግርህ የበተነውን አይደለም!»

ከዚህ የምንማረው የቤት መንገድ ጠጠር ስለፈሰሰበት ብቻ መንገድ ሆኖ እንደማይቀርና ዝናብ ባባራ ቁጥር ወጥቶ የሚያየው ባለቤት እንደሚያስፈልገው ነው።