ደምሰው ካልመጣ ዳመና አይወጣ

ደምሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ቀኖቹን ሳላዛባ አልቀርም» ብሎ ይጀምራል። ማክሰኞ ያለው ረቡዕ ሊሆን ይችላል፤ ቡችላው አራት ወር ሞልቶት ነበር የሚለውም በግምት ነው። ሰኞው ግን ሰኞ ነበር፤ በሰኞው ይምላል።

ደምሰው የአንዲት ትንሽ ከተማ ውሃ ከፋች ነው። ከተማው ሳይነቃ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮረብታው ላይ ካለው የውሃ ጣቢያ ይገባል፤ ረፋድ አራት ሰዓት ተተኪው ሲመጣ ይወጣል። ጣቢያውን ያለ ሰው ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ደንብ ነው። ቤቱ ዳመና የሚባል ግራጫ ቡችላ አለው። ግቢ እንዳይለቀው የአከራዩ የእትዬ ዘርትሁን ዶሮዎች አሉ፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ቆልፎበት ይሄዳል። በደብተር መዝግቦ እንደደረሰበት ዳመና እስከ አራት ተኩል ይታገሣል፤ ከዚያ አያልፍም። የደምሰው ምኞት ትንሽ ናት፤ ዳመና በሰዓቱ ወጥቶ አጥሩ ሥር ይሽና። ለሦስት ሳምንት እንዲያ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ግን ተተኪው ቆየና ደምሰው ቤቱ የደረሰው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዳመና ጥግ ይዞ ዓይኑን ሰብሮ ተቀምጧል። ሽንቱ በበሩ ሥር ሾልኮ እትዬ ዘርትሁን ጓዳ ገብቷል፤ የተሰጣ በርበሬ አርሷል። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። እትዬ ዘርትሁን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እኔ አንተን አልጠላሁም። ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ከድንጋይ ካባው ይመጣል። ቡችላህ እስከዚያ ካልተማረ ወስዶ እዚያ ያስረዋል» አሉት።

ደምሰው የካባውን ውሾች አይቷቸዋል። የታሰሩበት ሰንሰለት ከሁለት ክንድ አይበልጥም። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም፤ ወለሉን አጥቦ፣ ቡችላውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፦ ደምሰው ካልመጣ ዳመና አይወጣ።

ረቡዕ ተተኪውን ጋሽ ላቀውን ለምን እንደሚቆዩ ጠየቃቸው። ጋሽ ላቀው በአሥራ አንድ ዓመት ሩብ ሰዓት አርፍደው የማያውቁ ሰው ናቸው። እናታቸው ከአልጋ አይነሱም፤ ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ሰሞኑን ገና በማለዳ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው እኩለ ቀን ድረስ አይመለሱም።

«እናቴን ለማን ጥዬ ልምጣ? ለውሻህ?» አሉት።

ደምሰው ደብተሩ ላይ ጨመረበት፦ ደምሰው ካልመጣ ዳመና አይወጣ፤ ጋሽ ላቀው ካልመጡ ደምሰው አይወጣ፤ እትዬ ስንዱ ካልተመለሱ ጋሽ ላቀው አይወጡ።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣ እትዬ ስንዱን ሊለምን ወረደ። ታችኛው ሰፈር ቦኖ ዘንድ፣ መንገዱን ይዞ በተጋደመ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ መሐል፣ አማታቸው ሲተኙ ለነገው ወረፋ ሊይዙ ተመልሰው ወጥተው አንዱን ደፍተው ተቀምጠውበታል። ነገ ቶሎ ቢመለሱ ብሎ ሲጀምር ሳቁበት። ሰልፉን ከለቀቁ ቦታቸው ይሄዳል፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቢመለሱ ደግሞ የበሽተኛዋ አንሶላ በምን ይታጠባል?

«ወረፋ የሚይዝልኝ ባል አላገኘሁ፤ ያገኘሁት ጀሪካን ነው። ይልቅ አጠገቤ ቁጭ በል» አሉት።

ቁጭ አለ። ምን ያደርጋል? ደምሰው ካልመጣ ዳመና አይወጣ፤ ጋሽ ላቀው ካልመጡ ደምሰው አይወጣ፤ እትዬ ስንዱ ካልተመለሱ ጋሽ ላቀው አይወጡ፤ ቦኖው ካልፈሰሰ እትዬ ስንዱ አይመለሱ። ቤቱ ሲገባ ወለሉ ርሷል። ዳመና ጅራቱን እንኳ አልነቀነቀም።

ዓርብ አንድ ቀን ብቻ ቀረው። የቦኖዋን ጠባቂ አስካለን ለመናት። አስካለ ቁልፏን አሳየችው።

«እኔ የያዝኩት ቁልፍ ነው፤ ውሃ አልያዝኩም። ከሰኞ ጀምሮ ከጠብታ በቀር አልወረደም። ጽሕፈት ቤት ብንሄድ መዝገቡ ላይ ተከፍቷል ይላል አሉን። ሂድና ያንን ከፋች ጠይቀው።»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን አየ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉት።

እሱ ነው። መዝገቡም የሱ ጽሕፈት ነው። ደምሰው ካልመጣ ዳመና አይወጣ፤ ጋሽ ላቀው ካልመጡ ደምሰው አይወጣ፤ እትዬ ስንዱ ካልተመለሱ ጋሽ ላቀው አይወጡ፤ ቦኖው ካልፈሰሰ እትዬ ስንዱ አይመለሱ፤ ውሃው ካልወረደ ቦኖው አይፈስ፤ ደምሰው ካልከፈተ ውሃው አይወርድ። ደምሰው ደግሞ ከፍቷል።

ኮረብታው ላይ ወደሚገኘው የታችኛው ሰፈር ቫልቭ ሄዶ የጉድጓዱን ክዳን አነሳ። ይህን ቫልቭ ጡረታ ከወጣው ከፋች የተረከበው ሰኞ ንጋት ነው። ግማሹ ብቻ ተከፍቶ ቢያገኘው ሰፈሩ አሳዘነውና፣ እንደማንኛውም ቫልቭ ወደ ግራ፣ አልንቀሳቀስ እስኪለው ሃያ ሁለት ዙር አዞረው። «ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል» ብሎም ጻፈ። አሁንም ወደ ግራ ሞከረው፤ ንቅንቅ አይልም። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ፤ ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ማወቅ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ እጁን ወደ ቀኝ ገፋው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ብረቱ አጉረመረመ።

ሃያ ሁለቱንም መለሰ። ውሃው ወረደ፤ ቦኖው ፈሰሰ፤ ቅዳሜ ረፋድ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ስንዱ ተመለሱ፤ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ላቀው መጡ፤ ደምሰው ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። የእትዬ ዘርትሁን የወንድም ልጅ ገመዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ደምሰው ማንንም ሰላም ሳይል በሩን ከፈተ። ወለሉ ደረቅ ነበር። ዳመና በእግሮቹ መሐል ሾልኮ አጥሩ ሥር ደረሰ፤ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ሸና።

እትዬ ዘርትሁን «ይህን ሁሉ ይዞ ነው የጠበቀህ?» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው «ገመድህን ጠቅልል። ምሳህን ብላና ሂድ» አሉት።

ደምሰው ከሳምንታት በኋላ ጡረተኛውን ከፋች ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀው፤ ራሱም አንድ በአንድ እየዞረ አየ። በከተማው ካሉት አሥራ ዘጠኝ ቫልቮች ወደ ቀኝ የሚከፈተው ያ አንዱ ብቻ ነው።